ወንጭፍን በልክ ስለ ማዘጋጀት

በደጋው አገራችን ያደገ ሰው ሁሉ ወንጭፍ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ነገር ግን ወንጭፍን ማወቅ ሌላ፥ ወንጭፍን በልክ ማዘጋጀት ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ወንጭፍ ማለት ሁለት ገመድና አንድ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ማንም ከማንም ተውሶ ሊወረውርበት ይችላል ብለን እናስባለን። እኔም እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ድረስ የማስበው እንደዚሁ ነበር። በዚያ ዓመት በደረሰብኝ አንድ ነገር ምክንያት አያቴ ያስተማሩኝን፥ ኋላም በፊዚክስ ትምህርት ምክንያቱን የተረዳሁትን ለውድ አንባቢያን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ወላጆቼ የሚኖሩት ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አገሩ ብርዳም ስለ ሆነ ዋናው እህል ገብስ ነው። ማሳችን በአንድ ወገን ከጎረቤቶቻችን ማሳ ጋር፥ በሌላው ወገን ከገደል አፋፍ ጋር ይዋሰናል። በዚያ ገደል ጭላዳ ያድራል። ጭላዳ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ፥ ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ያለው፥ ወንዱም እንደ አንበሳ ጎፈራም የሆነ እንስሳ ነው። ሌሊቱን በገደሉ ላይ አሳልፎ ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ይወጣል። ምግቡ አብዛኛውን ጊዜ ሣር ነው፤ ሆኖም ገብሱ እሸት ሲሆን ይህ የሰው ነው፥ ያ የኔ ነው ብሎ አይለይም። መንጋው አንዳንድ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ጠባቂ የጠፋበት አንድ ረፋድ የአንድን ቤተ ሰብ የብዙ ወር ቀለብ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ከመስከረም አንሥቶ አዝመራው እስኪሰበሰብ ድረስ ከየማሳው ዳር አንድ ልጅ አይታጣም።

ጭላዳውን ገድሎ መገላገል ደግሞ አይገባም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1996 ገብቶ የወጣውም ከብዙ ድካም በኋላ በ2017 ነው። ዋልያና ጭላዳን ለማየት ስንት ሰው ባሕር አቋርጦ ይመጣል። እንግዲህ ከገበሬው ሁለት ነገር ይፈለጋል፤ ገብሱን ማዳንና እንስሳውን አለመጉዳት። ለሁለቱም የሚስማማው መሣሪያ፥ በልክ ከተዘጋጀና በማስተዋል ከተወረወረ፥ ወንጭፍ ነው።

ወንጭፍ የኛ አገር መሣሪያ ብቻ አይደለም። ከ3,300 ዓመት በፊት በሞተው በግብፁ ንጉሥ በቱታንካሙን መቃብር ውስጥ የተጎነጎኑ ወንጭፎች ተገኝተዋል። በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ያሉት የባሌአሪክ ደሴቶች ሰዎች በወንጭፍ ውርወራ ስማቸው የተጠራ ስለ ነበር በካርታጎና በሮም ሠራዊት ውስጥ ያገለግሉ ነበር። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ያሉ እረኞች እስከ ዛሬ ድረስ መንጋቸውን በወንጭፍ ይመልሳሉ። በመጽሐፍ ቅዱስም ብላቴናው ዳዊት ጎልያድን እንዴት እንደ ጣለው የማያውቅ የለም፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ደግሞ ጠጉር እንኳ የማይስቱ 700 ግራኝ ወርዋሪዎች እንደ ነበሩ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1981 ላሪ ብሬይ የተባለ አሜሪካዊ ድንጋይ በወንጭፍ ከ437 ሜትር በላይ አሻግሯል። ቋንቋችንም ወንጭፍን አልረሳም፤ በዘመናችን ስንት መሐንዲስ የደከመበትን ሮኬት እንኳ «ተወንጫፊ» ብለን የምንጠራው ከዚሁ ከእረኛው ገመድ ስም ወስደን ነው።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «ከወንጭፍ ይልቅ ቀስት አይሻልም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። በምዕራብ በኩል በቆላው የሚኖሩት የጉሙዝ ወገኖቻችን በቀስት የታወቁ ናቸው። ቀስት ኀይሉን በታጠፈው እንጨት ውስጥ አጠራቅሞ ይይዛል፤ ጫፍና ጫፉ ወደ ፊት የተቀለበሰ ከሆነ ደግሞ ገና ሳይሳብ ጅማቱ የተወጠረ ስለሚሆን ይበልጥ ይበረታል። ነገር ግን ቀስት ለአደን የተሠራ ነው፤ ፍላጻው የሚሄደው ሊወጋ ነው። ማሳ ጠባቂ ግን የሚፈልገው ሊያስደነግጥ እንጂ ሊወጋ አይደለም። ደግሞም ፍላጻ ተሠርቶ፥ ከተወረወረም በኋላ ተፈልጎ ይገኛል፤ ድንጋይ ግን እግዚአብሔር በየደጃችን በትኖልናል። ሁለቱ መሣሪያዎች የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ቀስትም ቢሆን ወንጭፍ ለባለቤቱ ክንድ ካልተለካ አይታዘዝም።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። በዚያ ዓመት የያዝሁት ወንጭፍ የታላቅ ወንድሜ ነበር። እርሱ ቁመቱ ረጅም ስለ ነበር ወንጭፉም ረጅም ነው። እኔ ወደ ታች ሳንጠለጥለው መሬት ለመሬት ይጎተት ስለ ነበር ከራሴ በላይ፥ ልክ እንደ እንዝርት፥ ዙሪያውን አሽከረክረው ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መንጋው ከገደሉ አፋፍ ብቅ አለ። ደንግጬ ሦስት አራት ጊዜ አዙሬ ለቀቅሁት። ድንጋዩ ወደ ገደሉ አልሄደም፤ ወደ ቀኜ ዞረ። በዚያ በኩል የአምስት ዓመት ታናሽ እኅቴ አሬራ በቅል ይዛልኝ ትመጣ ነበር። ቅሉ በጀርባዋ ላይ ተሰበረ፤ አሬራው በልብሷ ላይ ፈሰሰ። ልጅቱ አንዳች አልሆነችም፤ ግን ከመደንገጧ የተነሣ ማልቀስ እንኳ አቅቷት ቆማ ቀረች። ድንጋዩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ማታ አያቴ ጠሩኝ። ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንጭፉን አንሥተው አገላብጠው አዩትና፥

«ይህ የማን ነው?» አሉኝ።

«የወንድሜ ነው፥ አባባ» አልኋቸው።

«በወንድምህ ጫማ ትሮጣለህ?»

«አልሮጥም፤ ይሰፋኛል።»

«ታዲያ በወንድምህ ወንጭፍ እንዴት ትወረውራለህ?» አሉኝ። በማግሥቱም ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ለኔ ልክ የሆነ ወንጭፍ ያሠሩኝ ጀመር። ሥራው ከዚህ በታች እንደሚከተለው ነው።

አንደኛው የገመዱ አሠራር ነው። ገመዱ ከቃጫ ወይም ከበግ ጠጉር ይሠራል። አያቴ አጥብቀው የነገሩኝ ገመዱ እንዲጎነጎን እንጂ እንዳይገመድ ነው። የተገመደ ገመድ ሸክም ሲያገኝ ራሱን ሊፈታ ይዞራል፤ እርሱ ሲዞር ቆዳው ይዞራል፤ ቆዳው ሲዞር ድንጋዩ ያለ ጊዜው ይወድቃል። እንደ ሹሩባ በሦስት የተጎነጎነ ገመድ ግን አንዱ ዘርፍ ሌላውን ስለሚይዘው አይዞርም። ቃጫ ጠንካራ ነው፤ ውኃ ሲነካው ግን ይከብዳል። የበግ ጠጉር ለእጅ ይለሰልሳል፤ ይሁን እንጂ ሲርስ ይረዝማል።

ሁለተኛው ድንጋዩ የሚያርፍበት ቆዳ ነው፤ እኔ ለዚህ ጽሑፍ ማረፊያ ብዬ እጠራዋለሁ። ከለፋ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ፥ እንደ ቅጠል መሐሉ ሰፋ ጫፍና ጫፉ ጠበብ ተደርጎ ይቈረጣል። ስፋቱ ከመዳፍ መብለጥ የለበትም። መሐሉን በርዝመቱ ትንሽ መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ ስንጥቁ ድንጋዩን አቅፎ ይይዘዋልና። ማረፊያው ከሰፋ ድንጋዩ ይንከባለላል፤ ከጠበበም አይጨብጠውም።

ሦስተኛው ርዝመቱ ነው፤ የኔ ጥፋት የመጣውም ከዚህ ነው። አያቴ ቀጥ ብዬ እንድቆምና ቀኝ እጄን ወደ ታች እንድለቅ አዘዙኝ። ሁለቱን ጫፍ በአንድ እጅ ይዞ ድንጋይ የተቀመጠበትን ማረፊያ ሲያንጠለጥሉት ከመሬት ቢያንስ አንድ ጋት ከፍ ማለት አለበት። ለሙሉ ሰው ከእጁ እስከ ማረፊያው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለልጅ ከዚያ ያንሳል። የወንድሜ ወንጭፍ በኔ እጅ ሲንጠለጠል ማረፊያው መሬት ላይ ተጋደመ። ማረፊያው መሬት የሚነካበት ልጅ ሳይወድ በግድ ወደ ላይ አንሥቶ ከራሱ በላይ ያሽከረክራል፤ የዚህንም ጉዳት ወደ ኋላ አስረዳለሁ።

አራተኛው ጫፍና ጫፉ ነው። በአንዱ ጫፍ ላይ የመሐል ጣት የሚገባበት ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱ ጣትን የሚያንቅ ወይም ከጣት የሚያመልጥ መሆን የለበትም። በሌላው ጫፍ ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል የሚያዝ ቋጠሮ ይቋጠራል፤ ድንጋዩ የሚሄደው ይህ ቋጠሮ ሲለቀቅ ነው። ድንጋይ አስቀምጦ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ሲይዙት ማረፊያው እንደ ሚዛን ሳሕን ሳይዘነበል መንጠልጠል አለበት። ካዘነበለ የረዘመውን ገመድ ቋጠሮ ፈትቶ እንደገና መቋጠር ነው። ከቋጠሮው በታች ጥቂት የቃጫ ጭራ ቢተው መልካም ነው፤ ጥቅሙን እገልጻለሁ።

አምስተኛው ድንጋዩ ነው። ከወንዝ ዳር የተለቀመ፥ ድብልብልና ልስልስ፥ የዶሮ ዕንቁላል የሚያህል ድንጋይ ይመረጣል። ሁሉም በክብደት የተቀራረቡ መሆን አለባቸው። እጅ የሚለምደው አንድ ክብደት ነውና ዛሬ ከባድ ነገ ቀላል የሚወረውር ሰው መቼ እንደሚለቅ እጁ አያውቅም። አያቴ ድንጋዩን እንደ ዘር ይለቅሙት ነበር።

አሁን ምክንያቱን እንመልከት። በአሥረኛ ክፍል ስለ ክብ እንቅስቃሴ ስንማር ወዲያው ትዝ ያለኝ ያ ወንጭፍ ነበር። ወንጭፍ ከራሱ ኀይል የለውም፤ ሥራው ክንድን ማስረዘም ብቻ ነው። ክንዳችን 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና በመጨረሻው ውርወራ በሴኮንድ አራት ዙር በሚሆን ፍጥነት ቢዞር፥ በእጅ የያዝነው ድንጋይ በሴኮንድ 15 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ60 ሳንቲ ሜትር ወንጭፍ ብናስረዝመው ግን ክንድና ወንጭፍ ተደምረው 1 ሜትር ከ20 ይሆናሉ፤ ፍጥነቱም እጥፍ፥ ማለት በሴኮንድ 30 ሜትር ይሆናል። ርቀቱ ደግሞ እጥፍ ብቻ አይሆንም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና፥ የአየሩን መከላከል ሳንቈጥር በእጅ 23 ሜትር የሚሄደው ድንጋይ በወንጭፍ 92 ሜትር ይደርሳል።

ነገር ግን ርቀቱ እንደሚጨምር ስሕተቱም ይጨምራል። በሴኮንድ አራት ጊዜ የሚዞር ነገር በአንድ መቶኛ ሴኮንድ ውስጥ 14 ዲግሪ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ቋጠሮውን በአንድ መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ያዘገየ ሰው 50 ሜትር ላይ ከዓላማው 13 ሜትር ያህል ይስታል። ድንጋዩ ሲለቀቅ በዚያች ቅጽበት ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከሚዞርበትም ገበታ አይወጣም። እንግዲህ ከራስ በላይ ዙሪያውን የሚያሽከረክር ሰው ስሕተቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፥ ሰውና ከብት ወዳለበት ይሄዳል። ከጎኑ ከታች ወደ ላይ፥ እንደ ጋሪ መንኰራኵር የሚያዞር ሰው ግን ስሕተቱ ከፍና ዝቅ፥ ቀረብና ራቅ ማለት ነው፤ ከፊት ለፊቱ ካለው መሥመር ብዙ አይወጣም። የኔ ድንጋይ ወደ እኅቴ የዞረው በዚህ ምክንያት ነበር። አያቴ ፊዚክስ አልተማሩም፤ ነገር ግን «ከራስህ በላይ አታዙር» ያሉኝ ቃል ያው ትምህርት ነው።

ስለ አወራወሩም ጥቂት ልናገር። ግራ ትከሻን ወደ ዓላማው አድርጎ በጎን መቆም ያስፈልጋል። ዙሩ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ፍጥነቱ የሚገኘው ክንድ በመጨረሻ ሲዘረጋ ነውና ዙር ማብዛት ስሕተት እንጂ ኀይል አይጨምርም። ከመወርወር በፊት በፊትም በኋላም ያለውን ሰው በዐይን መቍጠር ግዴታ ነው፤ ከዚያች ቀን ወዲህ እኔ ይህን ሳላደርግ ወርውሬ አላውቅም።

ዓላማውም እንስሳው አይደለም። ድንጋዩ ማረፍ ያለበት በመንጋውና በገብሱ መካከል ነው። ያን ጊዜ መንጋው ከድንጋዩ ሲሸሽ ወደ ገደሉ፥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ድንጋዩ ከመንጋው በስተጀርባ በገደሉ በኩል ከወደቀ ግን እኛው ራሳችን ወደ ማሳው ነዳነው ማለት ነው። የገደሉን መንገድም መዝጋት አይገባም፤ መሸሻ ያጣ እንስሳ ይጋፈጣልና። ብዙ ጊዜ ድንጋይም አያስፈልግም። ከቋጠሮው በታች የተተወው የቃጫ ጭራ ባዶው ወንጭፍ ሲናጥ እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጮኻል። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ይበልጥ ሲፈጥን ነው፤ ይኸውም በሴኮንድ ከ340 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ጩኸቱን ከድንጋዩ ጋር አንድ ሁለት ጊዜ የሰማ መንጋ ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ብቻ ይበቃዋል።

ወንጭፍ አንድ ጊዜ በልክ ተሠርቶ የሚቀር አይደለም። ጤዛ ያረሰው የበግ ጠጉር ገመድ ይረዝማል፤ ቆዳውም ሲደርቅ ይኰማተራል። ስለዚህ በየማለዳው ከመሬት ያለውን ጋት መለካት፥ ሚዛኑን ማየትና የላላውን ማጥበቅ ያስፈልጋል። ማታም ጭስ በማያገኘው ደረቅ ስፍራ መስቀል ነው። የልጅ ወንጭፍ ደግሞ ልጁ ባደገ ቍጥር በየዓመቱ ይለካል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ ይህን ሁሉ ለአንድ ገመድ ምን አደከመህ ይለኝ ይሆናል። መልሴ ይህ ነው። ገብስ የሚጠበቅበት ወራት ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወራት ነው። እኔ ያለ ልክ በተሠራ ወንጭፍ ስጠብቅ የራሳችንን ማሳ እንኳ ከዳር እስከ ዳር አልደርስበትም ነበር፤ ስለዚህ ጠዋትም ከሰዓት በኋላም ከዚያ አልለይም፤ የትምህርቱም መጀመሪያ ያመልጠኝ ነበር። ልኬን ካገኘሁ በኋላ ግን ከአንድ ጉብታ ላይ ቆሜ የኛንና የሁለቱን ጎረቤቶቻችንን ማሳ መጠበቅ ቻልሁ። ይህን ያዩት አባቶቻችን ተስማምተው ለሦስታችንም ልጆች ልክ ልካችንን አሠሩልንና በፈረቃ መጠበቅ ጀመርን። አንዱ ሲጠብቅ ሁለቱ ይማራሉ። ዛሬ በጎንደር ከተማ ከእናንተ ጋር ተቀምጬ ለመማር የበቃሁት በዚያ ፈረቃ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

አያቴ አሁን አርጅተዋል፤ ዐይናቸውም ደክሟል። ባለፈው መስከረም ወደ ትምህርቴ ከመመለሴ በፊት ያቺ ቅል የተሰበረባት እኅቴ፥ አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፥ ተራዋ ደርሶ ጥበቃ ልትወጣ ነበር። የኔን ወንጭፍ ስጠኝ አለችኝ። አልሰጠኋትም። ቀጥ ብላ እንድትቆምና እጇን ወደ ታች እንድትለቅ አደረግሁና ከመሬት አንድ ጋት ለክቼ የራሷን አብረን ጎነጎንን። አያቴ በጣታቸው ገመዱን ዳስሰው፥ ሚዛኑን በእጃቸው አንጠልጥለው ካረጋገጡ በኋላ፥ «አሁን የሷ ነው» አሉ።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከአባቶቻችን የምንረከበው መሣሪያ ብዙ ነው። ነገር ግን መሣሪያውን ብቻ ተረክበን ልኩን ካልተረከብን ድንጋዩ ወዳላሰብነው ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዳችን በየቤታችን ያሉትን ሽማግሌዎች ልኩን ብንጠይቅ፥ ምክንያቱንም በትምህርታችን ብንመረምር፥ የሁለቱንም ጥቅም እናገኛለን እላለሁ።